የጋሽ ገብረወልድ የክዳን መደርደሪያ

ጋሽ ገብረወልድ ጡረታ በወጡ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ የሚስታቸው ማጀት ውስጥ ገብተው ቆሙ። ሌላ የሚገቡበት አልነበራቸውም። በመጀመሪያው ሳምንት የግቢውን አጥር ጠገኑ፣ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀቡ፣ ቦዩን ጠረጉ። በሁለተኛው ሳምንት አጥሩን እንደገና ሊጠግኑ ሲነሱ ባለቤታቸው እትዬ በዛወርቅ «ኧረ ተወው፣ ደህና ቆሟል» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ሥራቸው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ዝናብ ማየት ሆነ። ቦንጋ ደግሞ ዝናብ አይነፍግም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ስም ይነገራቸዋል፣ ተነስተው ይሄዳሉ፣ ፋይሉን ይዘው ይመለሳሉ። ኃላፊዎች ተቀያይረዋል፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ስሙን ሦስት ጊዜ ለውጧል፤ ከጋሽ ገብረወልድ እጅ የጠፋ ወረቀት ግን የለም ይባል ነበር። የገዛ ቤታቸውን ማጀት የሚያውቁት ከደጃፉ ላይ ሆነው ነው።

እትዬ በዛወርቅ ምሳ ያዘጋጃሉ። ከሌላ አገር ተመድበው ለመጡ አስተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች ምሳቸውን በየዕቃው ከትተው ይልካሉ። ሥራውን ከጀመሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን እንዳለ የሚባለው ባለባጃጅ ይመጣና አርባ የሚሆነውን ምሳ ዕቃ ጭኖ ይሄዳል።

ያን ዕለት ጋሽ ገብረወልድ ማጀት ሲገቡ ምስሩም፣ ጎመኑም፣ ቆጮውም በየዕቃው ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። ከሁሉም እንፋሎት ይወጣል። እትዬ በዛወርቅ ግን ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው ይፈልጋሉ። ሳፋው በክዳን ተሞልቷል። ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ ሞላላ፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ፣ መቆለፊያው የተገነጠለ፣ የሌለ ዓይነት የለም። አንዱን ያወጡና ዕቃው ላይ ይሞክሩታል። አይገጥምም። ይመልሱትና ሌላ ያወጣሉ። ያ ደግሞ ትንሽ ይሰፋል።

«ስምንት ደቂቃ» አሉ ጋሽ ገብረወልድ ሰዓታቸውን እያዩ።

«ምኑ?»

«ያንን ቀይ ክዳን ለማግኘት የፈጀብሽ።»

«ቆመህ ሰዓት ከምታይ አንድ ፈልግልኝ።»

ጋሽ ገብረወልድ ተንበረከኩ። ሁለት እጃቸውን ሳፋው ውስጥ ከተው አገላበጡ። ከውጭ እንዳለ የባጃጁን ጡሩምባ ነፋ። የጎመኑ እንፋሎት ቀነሰ፣ ቆመ። እሳቸው አምስት ክዳን አውጥተው አንዱም አልገጠመላቸውም። በመጨረሻ እትዬ በዛወርቅ የቀሩትን ሦስት ዕቃዎች በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው አስረው ላኩ።

«እንዲህ ነው ሁልጊዜ?» አሉ ጋሽ ገብረወልድ ጉልበታቸውን እያራገፉ።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

እትዬ በዛወርቅ ቀና ብለው አዩዋቸው። «ምን ልታደርግልኝ? ደብዳቤ ልትጽፍልኝ?»

ጋሽ ገብረወልድ ዓይናቸውን ከሳፋው አላነሡም። አንድ ነገር ደረታቸው ውስጥ ተንቀሳቅሶ ነበር። በወጣትነታቸው መጀመሪያ መዝገብ ቤት የገቡ ቀን፣ እስከ ጣሪያው የተከመረውን ወረቀት ሲያዩ የተሰማቸው ዓይነት ነበር። ሌላው ሰው ያን ክምር አይቶ አዝኖላቸዋል። እሳቸው ግን እጃቸውን በልቷቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሳፋውን በረንዳ ላይ አውጥተው ገለበጡት። ዕቃዎቹንም አመጡ። ግቢው ውስጥ ተከራይታ የምትኖረው ዝማሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በረንዳው በሙሉ በፕላስቲክ ተሸፍኖ አገኘችው። ዝማሬ የፊዚክስ አስተማሪ ናት። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ምሳዋንም እትዬ በዛወርቅ ናቸው የሚልኩላት።

«ጋሼ፣ ሱቅ ሊከፍቱ ነው እንዴ?»

«ዕቃው ሃምሳ ሁለት ነው፣ ክዳኑ ስልሳ ሰባት» አሏት፤ ዓይናቸው ያበራል። «አሥራ አንዱ ዕቃ ክዳን የለውም። ሃያ ስድስቱ ክዳን ደግሞ ዕቃ የለውም። ይገባሻል? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዛወርቅ የምትፈልገው የሌለውን ነው።»

ባለቤት አልባዎቹን ክዳኖች ለብቻ አወጡ። የቀሩትን እያንዳንዳቸውን ከዕቃቸው ጋር አገናኝተው፣ በማርከር ቁጥር ጻፉባቸው። እንደለመዱት ከቁጥሩ ፊት ምልክት አደረጉ፤ ለክቡ «ክ»፣ ለአራት ማዕዘኑ «አማ»፣ ለሞላላው «ሞ»። በማግሥቱ ምሳው ወጣ። በሦስተኛው ቀን ዕቃው ታጥቦ ሲመለስ ግማሹ ቁጥር በሳሙናው ተፈግፍጎ ጠፍቷል። ስድስት የነበረው ዜሮ ሆኗል። አንድ የቢሮ ሠራተኛ ደግሞ ክዳኑ ላይ «አማ/14» የሚል አይቶ፣ ዕቃው የሌላ ሰው መስሎት ሳይበላ መልሶታል።

«የኔ ማጀት መዝገብ ቤት አይደለም» አሉ እትዬ በዛወርቅ። የተመለሰውን ምሳ ሲያዩ ተናደው ነበር።

ጋሽ ገብረወልድ ትንሽ ከፋቸው። ግን አልተውትም። ቁጥሩ ቢጠፋም ነገሩ ቁጥር እንዳልሆነ አሁን ገብቷቸዋል። ፋይል ተኝቶ ከተቆለለ የታችኛው አይገኝም። ቆሞ ከተደረደረ ግን እያንዳንዱ ጀርባው ይታያል። ክዳንም መቆም አለበት።

ሰብሃት የሚባል እንጨትና ብረት ሠሪ ከመናኸሪያው በታች ሱቅ አለው። የሺሺንዳ ሰው ነው፤ ዕድሜው ወደ አርባ ይጠጋል፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው። ጋሽ ገብረወልድ አንድ የዋንዛ ጣውላ አስመርጠው፣ በመጋዝ አርባ አንድ ስንጥቅ አስወጡበት። በእያንዳንዱ ስንጥቅ አንድ ክዳን ይቆማል። ማጀት ወስደው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት፤ ክዳኖቹን ሰኩ። እትዬ በዛወርቅ አንድ ጊዜ አይተውት ወደ ድስታቸው ተመለሱ። ሆኖም በዚያ ሳምንት እንዳለ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ጡሩምባ የነፋው።

ቅዳሜ ገበያ ሆነ። አዳዲስ ምሳ ተቀባዮች ስለመጡ እትዬ በዛወርቅ አሥራ ሁለት አዲስ ዕቃ ገዝተው ተመለሱ። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ዙሪያውን ጎማ አለው፣ ወጥ አያፈስም። ክዳኑ ግን እንደ ቡጢ ወፍራም ነው። ጋሽ ገብረወልድ አንዱን ስንጥቅ ውስጥ ሊያስገቡ ሞከሩ፤ አልገባም። ገፉት፤ ጣውላው ተሰነጠቀ። በማግሥቱ ጣውላው ላይ የዕቃ መጥረጊያ ጨርቅ እንዲደርቅ ተዘርግቶበት አዩ። እሱን ሲያዩ በረንዳቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ሁለት ቀን ሙሉ ከዚያ አልራቁም። እትዬ በዛወርቅ ቡና ይሁን ውሃ ሲጠይቋቸው «ደህና ነኝ» ይላሉ።

ረቡዕ ለጡረታቸው ጉዳይ የአንድ ደብዳቤ ቅጂ አስፈለጋቸውና ወደ ድሮ መሥሪያ ቤታቸው ሄዱ። ቦታቸውን የተረከበው ተስፋሁን የሚባል ወጣት ነው። ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበላቸው፤ ቁጭ በሉ አላቸው። ትልቁን የብረት መሳቢያ ሳበው። ፋይሎቹ ላልተው ወደ ኋላ ተጋድመው ነበር። ተስፋሁን ከኋላ ያለውን ቀጭን ብረት ያዘና ወደ ፊት ገፋው። ብረቱ በሐዲዱ ላይ ተንሸራቶ መጣ። ፋይሎቹ አንድ ላይ ተጠጋግተው ቀጥ ብለው ቆሙ።

ጋሽ ገብረወልድ ያንን ብረት ሠላሳ አንድ ዓመት ሲገፉትና ሲስቡት ኖረዋል። ፋይል ሲበዛ ወደ ኋላ፣ ሲያንስ ወደ ፊት። አንድ ቀን እንኳ አስበውት አያውቁም።

«እስቲ ደግመው» አሉት።

«ምኑን ጋሼ?»

«ብረቱን። ወደ ኋላ መልሰውና ደግመህ ግፋው።»

ተስፋሁን ግራ ተጋባ፤ ግን መለሰው፣ ደግሞም ገፋው። ጋሽ ገብረወልድ ከወንበራቸው ተነሱ።

«የሚንቀሳቀስ ነው መሆን ያለበት» አሉ። «እኔኮ ክፍተቱን ቆርጬ ጨረስኩት።»

«ደብዳቤውስ ጋሼ?»

«ነገ እወስደዋለሁ።»

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ዝናብ ጀመረ። ጃንጥላቸውን መሥሪያ ቤቱ ረስተውታል፤ አልተመለሱም። ቀዩ ጭቃ ጫማቸው ላይ ተለጥፎ እየከበደ፣ ሰላም የሚላቸውን ሰው በእጃቸው ብቻ እየመለሱ፣ ሰብሃት ሱቅ ሲደርሱ ውሃ ከጆሯቸው ይንጠባጠብ ነበር። ሰብሃት ወንበር ሰጣቸው። አልተቀመጡም። በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ነበር የሚያወሩት። እጃቸውን እያወናጨፉ ነገሩት። ሁለት ረጅም ሐዲድ፣ በሁለቱም ላይ ብዙ ቀዳዳ፣ ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚሻገር ቅስት ብረት። ቅስቱ ከቀዳዳው ተነቅሎ ወደፈለጉበት ይሄዳል። ክዳኑ ቀጭን ከሆነ ቅስቶቹ ይቀራረባሉ፤ ወፍራም ከሆነ ይራራቃሉ።

ሰብሃት እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «እንጨት ከሆነ አይሆንም። በእኛ አገር ዝናብ እንጨቱ ያብጣል። ብረቱ ከቀዳዳው አይወጣም።»

«እንግዲያ በምን?»

ሰብሃት ወደ ጓሮ ሄደ፣ ከቆርቆሮ ሥር ሲጎረጉር ቆየና ሁለት ዘንግ ጎትቶ አመጣ። አቧራና ዝገት የለበሰ፣ ዳር እስከ ዳር በእኩል ርቀት የተበሳሳ ብረት ነው። ጋሽ ገብረወልድ ሲያዩት ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ይኸማ የመዝገብ ቤት መደርደሪያ ብረት ነው።»

«አሮጌ ነው፤ ከጨረታ የገዛሁት። ቀዳዳው ቀድሞ አለ፤ እኛ ምን ያደክመናል?»

ያን ዕለትና በማግሥቱ ጋሽ ገብረወልድ ከሰብሃት ሱቅ አልጠፉም። ሰብሃት ዘንጎቹን ቆረጠ፣ ዝገቱን ፋቀ። ባለ ስድስት ፌሮ እየቆረጠ እግሩ ሁለት የሆነ ቅስት አድርጎ አጠፈ። የመጀመሪያው ቅስት ሲታጠፍ ተጣመመ። ሁለተኛው እግሩ አጠረ። ሦስተኛው ቀዳዳዎቹ ውስጥ ጥርቅ ብሎ ገባ። ጋሽ ገብረወልድ ነቀሉት፣ አንድ ቀዳዳ አለፍ አድርገው ሰኩት፣ ደግመው ነቀሉት። ልባቸው ይመታ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይነገራል? ሰው ፌሮ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ አዛወርኩ ብሎ ልቡ መታ ሲባል ማን ያምናል? እሳቸው ግን ያን ቀን ምሳ መብላታቸውን ረስተዋል።

«ርዝመቱስ?» አለ ሰብሃት። «ነገ ዕቃው ቢበዛ እንዳለፈው ልንሰነጥቀው ነው?»

ይህን የጠየቀው እሱ ነው፤ ጋሽ ገብረወልድ ይህን ሁልጊዜ ይናገሩለታል። እያንዳንዱን ሐዲድ ከሁለት ቁራጭ ሠሩት። አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። ቡሎኑን ፈትተው ሲስቡት ይረዝማል፣ ሲገፉት ያጥራል፣ በዳዶ ሲያጠብቁት ይቆማል። አረንጓዴ ቀለም ቀቡት፤ የነበረው ቀለም እሱ ነው።

ዓርብ ጠዋት መደርደሪያውን ታቅፈው ማጀት ገቡ። እትዬ በዛወርቅ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። ቢላውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፣ ዞር ዞር እያሉ አዩት። አንዱን ቅስት ነቀሉና አዛወሩት። ሌላውንም።

«ውሃው የት ይሄዳል?» አሉ።

«የምን ውሃ?»

«ክዳኑን የማስቀምጠው አጥቤ ነው። እዚህ ቀጥ ብሎ ቢቆም ውሃው ብረቱ ላይ ይቀራል፤ ብረቱ ይዝጋል፣ ክዳኑ ይሸታል።»

ጋሽ ገብረወልድ ይህን አላሰቡም ነበር። እትዬ በዛወርቅ ከማዕዘኑ የጣውላ ቁራጭ አምጥተው በፊት ለፊቱ ሥር አስገቡ። መደርደሪያው ወደ ኋላ ዘመም አለ። ከኋላው ትሪ አስቀመጡ። ከዚያ ባላቸው ደርድረውት ያመጡትን ቅስት ሁሉ ገለባበጡት። የትልልቆቹን ክዳኖች ቦታ ወደ ግራ፣ የትንንሾቹን ወደ ቀኝ።

«ለምን ገለበጥሽው?»

«ግራኝ ነኝ እኮ» አሉ እትዬ በዛወርቅ። «ጭልፋው በየትኛው እጄ ነው ያለው? ክዳኑንስ የማነሣው በየትኛው ነው? ብዙ የምጠቀምበት እዚህ ግራዬ ጋ ነው መሆን ያለበት።»

ሠላሳ አራት ዓመት አብረው ኖረዋል። ጋሽ ገብረወልድ ሚስታቸው ግራኝ መሆናቸውን በእርግጥ ያውቃሉ። ግን በዚህች ክፍል ውስጥ ያ ምን ማለት እንደሆነ አንድ ቀን አስበው አያውቁም። ዓይናቸውን ከሚስታቸው እጅ ላይ ማንሣት አቃታቸው።

«ሌላስ?» አሉ፤ ከኪሳቸው ወረቀትና እስክሪፕቶ አወጡ። «ሌላስ የሚያስቸግርሽ ምንድን ነው?»

«አሁን የሚያስቸግረኝ አንተ ነህ። ሽንኩርቴን ልክተፍበት» አሉ። ግን እየሳቁ ነበር።

በቀጣዩ ሳምንት ማክሰኞ ማታ፣ ራት ላይ እንዳሉ፣ ዝማሬ በሩን አንኳኳች። ፊቷ ላይ ጭንቀት ነበር።

«እትዬ በዛወርቅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው፤ እምቢ ቢሉኝም አልቀየምም። ከየወረዳው የትምህርት ቤት ምገባ አስተባባሪዎች ለሥልጠና መጥተዋል። ከጌሻም ከጨናም፣ ከሁሉም። ኮሚቴው ውስጥ እኔም አለሁበት። ምሳ እናቀርባለን ያሉት ሰዎች ዛሬ አንችልም አሉን። መቶ ሃያ ሰው ነው።»

«ለመቼ?»

«ለሐሙስ።»

እትዬ በዛወርቅ በእጃቸው የያዙትን ቁራሽ ትሪው ላይ መለሱት። ከአርባ አምስት ምሳ በላይ ልከው አያውቁም። «እሺ» አሉ።

ዝማሬ ከወጣች በኋላ ባላቸውን አዩ። «ምን ነካኝ?»

«ትችያለሽ» አሉ ጋሽ ገብረወልድ። ከባለቤታቸው ይልቅ እሳቸው የተዘጋጁ ይመስሉ ነበር፤ ተነስተው ቆመዋል።

ረቡዕን ሙሉ ዕቃ ሲለምኑ ዋሉ። ከጎረቤት፣ ከጽዋ ማኅበራቸው ሴቶች፣ ከዝማሬ ባልደረቦች። እንዳለ በባጃጁ እየዞረ ለቀመው፤ ለዘወትር ምሳ ተቀባዮችም ሐሙስ ምሳ እንደማይኖር ነገረ። የማይመሳሰል ዕቃ ነው የመጣው፤ የአይስክሬም ባልዲ፣ የልጆች ምሳ ዕቃ፣ ጥልቅ ጎድጓዳ የማይዝግ ሳህን። ክዳናቸውም እንደዚያው፤ ከወረቀት የሚሳሳም አለ፣ ሁለት ጣት የሚወፍርም አለ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ገብረወልድ ቡሎኖቹን ፈትተው መደርደሪያውን ዳር እስከ ዳር ሳቡት። ሰብሃት አሥር ተጨማሪ ቅስት ይዞ መጣ፤ ሊሄድ ፈልጎ ግን አልሄደም፤ ቁጭ ብሎ ቅስት ሲሰካ አመሸ። እያንዳንዱን ክዳን ከዕቃው ጋር ሞክረው፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አቆሙ። ጋሽ ገብረወልድ ክፍተቱን እያጠበቡና እያሰፉ ዳር ደረሱ። በመጨረሻ ሁሉም ክዳን ቆሞ፣ ጠርዙ በተራ ሲታይ፣ ባልና ሚስቱም ሰብሃትም ቆመው አዩት። የሚያምር ነገር ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ማጀቱ ውስጥ ስድስት ድስት በአንድ ጊዜ ይንተከተክ ነበር። ከማኅበሩ ሁለት ሴቶች ለእርዳታ መጥተዋል። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ መሙላት ጀመሩ። ዝማሬ እንጀራውንና ቆጮውን ትዘረጋለች፣ እትዬ በዛወርቅ በግራ እጃቸው ወጥ ይጨልፋሉ፣ ጋሽ ገብረወልድ መደርደሪያው ጋ ቆመዋል።

«ሞላላ፣ ሰፊው» ይላሉ እትዬ በዛወርቅ።

መጀመሪያ ላይ ተሳሳቱ። ሞላላውን ሲሏቸው ክቡን ሰጡ፤ ሰፊውን ሲሏቸው ጠባቡን። «አትቸኩል» አሏቸው እትዬ በዛወርቅ በዝግታ፣ ዓይናቸውን ከድስቱ ሳያነሱ፤ «የት እንዳለ አንተ ታውቃለህ። ራስህ ነህ ያስቀመጥከው።»

ከዚያ በኋላ እጃቸው አገኘው። ሞላላ፣ ሰፊው። ክብ፣ ባለ ጎማው። ቢጫው። የአይስክሬሙ። ቃሉ ከአፋቸው ሳይወርድ ክዳኑ ይደርሳል። ጥርቅ፣ ጥርቅ ይላል ሲገጥም። ማንም አልተንበረከከም። ማንም ምንም አልፈለገም። ከሃምሳኛው በኋላ እትዬ በዛወርቅ ስሙን መጥራት ተዉ፤ ዕቃውን ብቻ ወደ እሳቸው ገፋ ያደርጋሉ፤ ክዳኑ ይመጣል። ከሰማንያኛው በኋላ ዝማሬ ሳቅ ያዛት፤ ለምን እንደምትስቅ አላወቀችም። የማኅበሩ ሴቶችም ሳቁ። እንፋሎቱ መስኮቱን ሸፍኖት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ስድስቱም ድስቶች ተራ በተራ ባዶ ሆኑ።

መቶ ሃያኛው ዕቃ ሲከደን ጋሽ ገብረወልድ ሰዓታቸውን አዩ። አምስት ሰዓት ከአሥር ነበር።

መደርደሪያው ላይ አንድ ክዳን ተርፏል። የማን እንደሆነ ማንም አላወቀም።

እትዬ በዛወርቅ ድስቶቹን አዩ፣ የተደረደረውን ምሳ አዩ፣ በሩን አዩ። እንዳለ አልመጣም። ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ባጃጁ ሳይመጣ የተቀመጡት ያን ቀን ብቻ ነው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፤ ምን እንደሚያደርጉበት የጠፋቸው ይመስሉ ነበር። ጋሽ ገብረወልድ ውሃ ቀድተው ሰጧቸው፤ አጠገባቸው ቆሙ።

«ሃያ ደቂቃ አለሽ» አሏቸው።

«ዝም በል» አሉ እትዬ በዛወርቅ፤ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። «ዝም በልና ልቀመጥበት።»

እንዳለ ሁለት ሌሎች ባለባጃጆች አስከትሎ መጣ። ምሳው ሞቆ ደረሰ።

ሥልጠናው ዓርብ አለቀ። አመሻሹ ላይ ዝማሬ አንዲት እንግዳ ይዛ ገባች። ኮከብ ትባላለች፤ ከዋጫ ነው የመጣችው፣ የአንድ ትምህርት ቤት ማብሰያ ቤት ኃላፊ ናት። ሰፋ ያለች፣ ድምፅዋ ጎላ ያለ፣ ወሬ የማታንዛዛ ሴት ናት። ሰላምታ ሰጥታ ሳትቀመጥ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«እትዬ፣ እኔ ዕቃ አውቃለሁ። ትናንት አዳራሹ ውስጥ ዙሪያዬን አየሁ። መቶ ሃያ ሰው ተቀምጧል፣ ዕቃው ሁሉ የተለያየ ነው፣ ግን የፈሰሰበት የለም፤ ክዳኑ ያልገጠመ አንድም ሰው የለም። ይህን ያደረገችውን ሴት ሳላይ አልሄድም አልኩ።»

እትዬ በዛወርቅ ወደ ማጀት ወሰዷት። ጋሽ ገብረወልድ በረንዳ ላይ ቀሩ፤ መግባት ፈለጉ፣ ግን አልተጠሩም። ከውስጥ የቅስቶቹ መነቀልና መሰካት ይሰማል። የኮከብ ድምፅ፣ ቀጥሎ የሚስታቸው ድምፅ፣ ከዚያ የሁለቱ። ስለ ውሃውና ስለ ትሪው፣ ስለ ግራና ቀኝ እጅ፣ ባለቤታቸው ሲያስረዱ ይሰማቸዋል። እንዲህ ሲያወሩ ሰምተዋቸው አያውቁም። ቁጭ ማለት አቅቷቸው በረንዳው ላይ ወዲያና ወዲህ አሉ።

ሴቶቹ ሲወጡ ኮከብ፣ «የእኔ የድስት ክዳን ነው» አለች። «ትልልቁን ድስት ያውቁታል? ክዳኑ እንደ በር ነው። አሥራ አራት አለኝ፤ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፣ በየቀኑ አንዱ ሰው እግር ላይ ይወድቃል። ለእሱ ይሆናል?»

ጋሽ ገብረወልድ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ «ይሆናል» አሉ እትዬ በዛወርቅ። «ብረቱ መወፈር አለበት፤ ከፍታውም እንዲሁ። ግን ማጀቱን ሳናይ አንሠራም።»

«ሳናይ?» አሉ ጋሽ ገብረወልድ።

«እና? አንተ ብቻህን ሄደህ ምን ልታይ ነው?»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ባልና ሚስት ከመናኸሪያው ወደ ዋጫ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰብሃት የብረቱን ናሙና በጨርቅ ጠቅልሎ ከኋላቸው ተቀምጧል። አብረው መንገድ ከሄዱ ስንት ጊዜ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከሩ። እትዬ በዛወርቅ የልጃቸው የበእምነት ምርቃት ላይ ነው አሉ። ጋሽ ገብረወልድ ከዚያ ወዲህ አንድ ለቅሶ ነበር አሉ። አልተስማሙም። መንገዱ በጫካው መካከል ይጠማዘዛል፤ ጉሙ ተነስቶ የቡናው ቅጠል ከዝናቡ በኋላ ያብለጨልጫል።

የትምህርት ቤቱ ማብሰያ ቤት ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው በጥቀርሻ የጠቆረ ነበር። ኮከብ በሩን ከፈተችላቸው። ክዳኖቹ በእርግጥ እንደ በር ናቸው። ጋሽ ገብረወልድ ከኪሳቸው ሜትራቸውን አውጥተው ወደ መጀመሪያው ክዳን ሊጠጉ ሲሉ፣ እትዬ በዛወርቅ ክንዳቸውን ያዝ አደረጉ።

«ቆይ» አሏቸው። «መጀመሪያ ታብስልና እንያት።» ወደ ኮከብ ዞሩ። «እህቴ፣ እንደ ሁልጊዜው ሁኚ። እኛ የለንም በይ። ድስቱን ጣጂና ሥራሽን ሥሪ።»

ኮከብ ሽርጧን አሰረች፤ ለሰኞ ምገባ የሚሆነውን ወጥ እሑድ ነው የምትሠራው። ሁለቱ ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ሰብሃትም አጠገባቸው። ኮከብ ከመጀመሪያው ድስት ላይ ክዳኑን በሁለት እጇ አነሣች፤ የምታስቀምጥበት አጥታ ዞር ዞር አለች፤ በመጨረሻም በጉልበቷ ደግፋው ወጥዋን ማማሰል ጀመረች።

«አየህ?» አሉ እትዬ በዛወርቅ በሹክሹክታ።

«አየሁ» አሉ ጋሽ ገብረወልድ፤ ወረቀታቸውን አውጥተው መጻፍ ጀምረው ነበር።